ረመዳን፣ የማሽላ ገንፎና የአድሬናል ዕጢ

በአሶሳና በአካባቢዋ ብዙዎች የሚጾሙት ረመዳን፣ በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ላይ ሲውል፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ለተጎዱበት ሰው ፈተናው ከረኃብ ያልፋል። ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው፣ ቲቢም አንዱ መንስኤው የሆነ ሕመም ሁለት ሆርሞኖችን ያጎድላል፤ ኮርቲሶል በባዶ ሆድ የደም ስኳር እንዳይወርድ ይደግፋል፣ አልዶስቴሮን ደግሞ ጨው በሽንት እንዳይባክን ይጠብቃል።

በዚህ ላይ የማሽላ ገንፎን ትቶ በሥጋና በባሚያ ብቻ መኖር፣ ማለትም ስታርችና ስኳር ያላቸውን ምግቦች መቀነስ ሲታከልበት፣ ኢንሱሊን ስለሚወርድ ኩላሊት ተጨማሪ ጨውና ውሃ ያስወጣል፤ ሌላው ሰው እንደ ክብደት መቀነስ የሚያየው ነገር ለዚህ ታማሚ የደም ግፊት መውደቅ ሊሆን ይችላል፤ የአመጋገቡ አወዳሾች ግን ይህን እምብዛም አያነሱትም።

የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካው መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ፣ የመጠኑና የሰዓቱ ጉዳይ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር መመከር አለበት፤ ማስታወክ ወይም ራስ መሳት ከመጣ ጾሙ ወዲያው ተፈትቶ ወደ ሕክምና ይኬዳል። ቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ ታማሚ በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል፤ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ድሃን ማብላት፣ ፊድያ የሚባለው፣ ይተካዋል።