ጠመንጃው የማንን ጥይት ይጎርሳል?

እኛ መንዞች የጠመንጃ ስም እናውቃለን፤ ቁጥሩን አናውቅም። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ወጨፎ፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ቤልጅግ… ሠርግ ቤት ሽለላ ሲጀመር እነዚህ ስሞች በየተራ ይጠራሉ፤ ከኮምፒውተር በቀር ሌላ ነገር ነክቶ የማያውቀው የአዲስ አበባ ልጅ ሳይቀር ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። እስቲ የአንዱን የአፈሙዝ ስፋት በሚሊ ሜትር ንገሩን ብትሉን ግን ሁላችንም ወደ ጠላችን እናቀረቅራለን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ስሙ ለፉከራ ነው፤ ጠመንጃው እንዲተኩስ የሚያደርገው ያ ቁጥር ነው። ፈረንጆቹ ካሊበር ይሉታል።

ይህን ለማሰብ የተገደድነው በአንድ ሰሞን ሁለት ጠመንጃዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤተሰባችን ስለመጡ ነው። አንደኛው ያለው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚያ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ በየዓመቱ (ፈቃድ አውጥቶ፣ ከፍሎ፣ ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ) አጋዘን ያድናል። ለተራራ የምትመች አጭርና ቀላል ጠመንጃ አለችው። ከብዙ ተኩስ በኋላ የአፈሙዟ ውስጥ ስለተበላ ሊያስቀይር ነው። “መቀየሩ ካልቀረ ካሊበሯንም ልቀይር፤ የቱ ይሻለኛል?” ብሎ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈ።

ሁለተኛው ጠመንጃ ያለው መንዝ፣ አጎታችን ቤት፣ ግድግዳ ላይ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ የቀረ አጭር ካርካኖ፤ ፈረሰኛ ይይዘው የነበረው ዓይነት፣ ሳንጃው አፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ። አጎታችን የኮሎራዶውን ወሬ በስልክ ሲሰሙ ሳቁና “ታዲያ የእኛውስ ለምን አይቀየርም? ጥይት ከጠፋለት ስንት ዘመኑ!” አሉ።

በግሩፑ ውስጥ እንደ ደንቡ ሁሉም ሰው ባለሙያ ሆነ። አንዱ “ትልቁን ያዝ” አለ፤ አንዷ “አጋዘኗን ተዋት” አለች። እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ማንበብ ጀመርን።

በቀላሉ የኮሎራዶው እንጀምር። የአንድ ጠመንጃ አፈሙዝ ሲቀየር ሌላው አካሉ ባለበት ይቀራል። የጥይቱን ቂጥ የሚይዘው ብረት ልኩ አይለወጥም፤ ጥይቱ የሚደረደርበት ካዝናም አይረዝምም። ስለዚህ አዲሱ ጥይት ከአሮጌው ጋር “ዘመድ” መሆን አለበት። የአክስታችን ልጅ ጠመንጃ የምትጎርሰው .308 ዊንቸስተር የሚባለውን ነው። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንገቱን አጥብበው .243 አደረጉት፤ በ1980 ደግሞ 7 ሚሜ-08 ሬሚንግተን አሉት። በ2007 የመጣው 6.5 ክሪድሞርም የቂጡ ስፋት ያው ነው። አራቱም አንድ ቤት ይገባሉ፤ አፈሙዙን ብቻ መቀየር ነው። የኮሎራዶ ሕግ ለአጋዘን ከ0.24 ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) በታች አይፈቅድም፤ አራቱም ያልፋሉ።

“ትልቁን ያዝ” ለሚለው ዘመዳችን መልስ አለን። አፈሙዝ ሲያጥር ባሩዱ ተቃጥሎ ሳያልቅ እርሳሱ ይወጣል። የቀረው ባሩድ ውጭ ነው የሚነደው፤ ትርፉ ጩኸትና ብልጭታ ነው። ጠመንጃው ቀላል ሲሆን ደግሞ ትከሻ ይመታል። ትከሻው የፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የጨፈነ ደግሞ አያገኝም ወይም አቁስሎ ይሰዳል፤ ይህ ለአዳኝ ነውር ነው። ካርሞጆ ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በእኛው ደቡብ ምዕራብ ጠረፍም የተንከራተተው፣ ብዙውን ዝሆን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። የሚያደርገውን ማድነቅ ባይኖርብንም ያስተማረው ነገር አለ፦ የጥይት መወፈር ያላነጣጠረን ሰው አያድንም።

አንድ የሚያስደስት ነገርም አገኘን። የአክስታችን ልጅ የሚያድንበት ተራራ ከፍታ ከመንዝ ደጋ ጋር ይቀራረባል፤ 3000 ሜትርና ከዚያ በላይ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ ጥይት በመንገዱ ላይ የሚይዘው ነገር ያንሳል፤ በሩቁም ብዙ አይወርድም። ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ደጋ ሲወጣ ወደ ላይ ይስታል ማለት ነው። ከጀማ ሸለቆ ወደ መሐል ሜዳ የወጣ ተኳሽ ይህን ያለ ፊዚክስ ሳያውቀው አልቀረም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ግን ነገሩን የቆረጠው ሌላ ነው፤ የሱቅ መደርደሪያ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ጥይት ጠፍቶ ነበር። የአክስታችን ልጅ ባዶውን መደርደሪያ በዓይኑ አይቷል። አስቡት፤ ጥይት በሚፈበረክበት አገር! ያን ጊዜ መጀመሪያ የጠፋውም መጀመሪያ የተመለሰውም ሁሉም ሰው የሚተኩሰው ነው፤ ጥቂት ሰው የሚወደው ቆንጆ ካሊበር ግን ወረፋው ረዘመ። ስለዚህ ካሊበር ስትመርጥ የምትመርጠው ብረት ብቻ አይደለም፤ ነገ ከማን ደጅ እንደምትቆም ነው የምትመርጠው።

ይህን ደግሞ ከእኛ አያቶች በላይ ማን ያውቀዋል?

እስቲ አንኮበርን እናስታውስ፤ ከመንዝ ሩቅ አይደለችም። ገጣሚው አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ በግመል አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ የመጣው ወደዚያች ከተማ ነው። ምኒልክ እንጦጦ ነበሩና ተከትሎ ሄደ፤ ካሰበው በታች ተከፍሎትም ተመለሰ። አውሮፓ አዲስ ካሊበር ባወጣ ቁጥር አሮጌው በግመል ወደ እኛ ይወርድ ነበር። ፈረንሳዮች ፊዩዚል ግራ የሚሉትን 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በ8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ሲተኩ ግራው እኛ ዘንድ ደረሰና ውጅግራ ተባለ። ብዛቱ ጥይቱን ገንዘብ እስከማድረግ ደረሰ። የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ብር ሲቀባበሉት ነበር። ለምን ሌላው ጥይት አልሆነም? ሁሉም ሰው ውጅግራ ስለነበረው ነዋ! ማንም የማይተኩሰውን ጥይት ማን ይቀበላል?

ጣሊያኖችም ይህን ትምህርት በእኛ ምድር ላይ ተምረው ረስተውታል። ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። አፍንጫዋ ክብ የሆነችው ያች ቀጭን ጥይት ወግታ ታልፋለች እንጂ አታስቆምም የሚል ቅሬታ በሊቢያም፣ በ1928ቱ የኢትዮጵያ ወረራም ተከማቸ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1938 የዚያኑ ቀለህ አንገት አስፍተው 7.35 ሚሊ ሜትር አጭር ጠመንጃ አወጡ። በወረቀት ላይ የተሻለ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዓለም ጦርነት መጣ፤ መጋዘኑ ሁሉ የ6.5 ነው። ተመልሰው ወደ 6.5 ገቡ፤ ከአዲሱ ጠመንጃ ከ90 ሺህ በላዩን ለፊንላንድ ሰጡ። የፋሺስት መንግሥት ከነፋብሪካው ያልቻለውን የካሊበር ለውጥ የእኛ አጎት ግድግዳ ላይ እንሞክረው?

የአርበኞቹ ግን ከዚህ ይብሳል። አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ቤልጅግ፣ አንዱ ከጣሊያን የማረከው ካርካኖ ይይዛል፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጎንህ የተኛው ወንድምህ ዝናሩ ሙሉ ሆኖ አንተ ባዶ ልትሆን ትችላለህ። ለዚህ ነው ካርካኖ መማረክ ትርፉ ጠመንጃው ብቻ ያልነበረው፤ ጠላትህ ራሱ ጥይት አቅራቢህ ይሆናል። የተተኮሰ ቀለህ እየለቀሙ እንደገና ይሞሉም ነበር። ይህን ሲሠሩ የነበሩት ባለእጆቹ ናቸው፤ በሰላም ጊዜ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባሉ የተሰደቡት። በሽለላው ውስጥ ስማቸው የለም። እኛ እስከምናውቀው ድረስ የጠመንጃው ስም ስንት ጊዜ ሲጠራ የጠገነው ሰው አንድም ጊዜ አልተጠራም። ይህን ማስተካከል ከአፈሙዝ መቀየር ይቀድማል።

መንዝ ዘረት ላይ አመፀኛ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እዚያ የተጠለሉትን አርበኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመርዝ ጋዝ አፍኖ፣ እጃቸውን የሰጡትን ደግሞ በጥይት ጨረሰ። የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ። በኋላ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ገብተው አጥናው፣ የሸክላው ስባሪና እህሉ በተበተነበት መሬት ላይ የአሮጌ ጠመንጃ ቀለሆችን አገኙ። ስለ ካሊበር ስናነብ ከርመን እዚህ ስንደርስ ዝም አልን። ለሚሊ ሜትር የሚያከራክረን ነገር እዚያ ዋሻ ውስጥ ምንም አላዳነም፤ ጋዝ ካሊበር የለውም።

አሁን ወደ አጎታችን እንመለስ። “ለምን ጋሼ? ምን ሊያድኑበት ነው?” ብለን ጠየቅናቸው። “ለሚዳቋ” አሉን፤ እሳቸውም እኛም ሳቅን። የጓሳን ሜዳ ከ400 ዓመት ያህል ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩት የእሳቸው ወገኖች ናቸው፤ ሣሩን እንኳ ያለጊዜው አያጭዱም። ሕጉም አለ። የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ለመያዝም ለመጠገንም ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ ቴክኒኩ አለ። ካርካኖ ስድስት ጎራሽ የሚሆነው ስድስቱን ጥይት አንድ ላይ በሚይዘው የራሱ ቆርቆሮ ነው፤ የክላሽ ጥይት በዚያ ቆርቆሮ አይደረደርም። ልኩ ያልተለካ አፈሙዝ ደግሞ የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው።

እውነተኛው ምክንያታችን ግን ሌላ ነው፤ በስልክ ለመናገርም ከበደን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ጦርነት ገብቷል። በዚህ ዘመን የሚተኩስ ጠመንጃ ያለበት ቤት እንግዳ አያጣም፤ አንዱ ሊወስደው ይመጣል፣ ሌላው ለምን ሰጠህ ብሎ ይመጣል። ጥይቱ የትም የሚገኝ ጠመንጃ የሁሉም ሰው ጠመንጃ ነው። ጥይት የጠፋለት ግን የአያታችን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማንም አይፈልገውም፤ እኛ ብቻ እንፈልገዋለን። ያ አሮጌ 6.5 ካሊበር አጎታችንን እየጠበቃቸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን በደፈናው ስንነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና “እናንተ ስታነቡ ቆያችሁ እንጂ እኔ እኮ ይህን አውቄው ነው ያልነካሁት። ልጁ አጋዘን ሲያድን እኔም ልቀልድ ብዬ ነው” አሉ። ከዚያ ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ።

የኮሎራዶው ደግሞ በመጨረሻ .308ቱን በ.308 አስቀየረ። ከሦስት ሳምንት የግሩፕ ክርክር በኋላ ማለት ነው! ዘመዶቹ ተቆጡ፤ እኛ ግን ደገፍነው። የሰፈሩ ሱቅ ሁልጊዜ የሚይዘው እሱን ነው።