የክሬም ወንበር ማስታወሻ

ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የፋብሪካውን ላስቲክ ከአዲሱ መኪናዬ ወንበር ላይ ስገፍ ወንድሜ ደረሰብኝ። «ምነው ተዪው እንጂ! ክረምት ነው፣ ጭቃው ይጨርሰዋል» አለ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ነጭና ክሬም ወንበር ያላቸውም አብረው መጡ፤ ላስቲኩን ሳያወልቅ የሚነዳውም አልጠፋም። እኔ ግን አልስማማም። ላስቲክ ላብና እርጥበት ከሥሩ ይይዛል፣ ሰውንም ያንሸራትታል። የወንበር ልብስም አልፈለግሁም፤ የእኔ መኪና ኤርባግ የወንበሩን የጎን ስፌት ቀዶ ነው የሚወጣው፣ ተራ ልብስ ያግደዋል። ጭቃ በእግር ስለሚገባ ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ አነጠፍኩ።

ነሐሴ 6 ቀን

በሾፌሩ ወንበር የግራ ጠርዝ፣ ስገባና ስወጣ በምታከክበት በኩል፣ ሰማያዊ ነገር ታየኝ። ጂንስ ነው። ጂንስ የሚነከርበት ኢንዲጎ ክሩ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፣ ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ በፍትጊያ ይለቃል፣ ሱሪው ዝናብ ከነካው ደግሞ ይብሳል። የወንበሩ ሰው ሠራሽ ቆዳ ቪኒል ከሆነ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት መሰል ነገር አለው፤ ቀለሙ በእሱ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከሰነበተ አይወጣም።

ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረግሁ። ነጭ ማይክሮፋይበር ነክሬ፣ ጥሩ አድርጌ ጨምቄ፣ ሳልጫን ደጋግሜ ጠረግሁት። ጨርቁ ሰማያዊ ሲሆን በንጹሕ ጎኑ እያዞርኩ ቀጠልኩ። ከዚያ ሳሙናውን በሌላ እርጥብ ጨርቅ አነሳሁና አደረቅሁት። ጎረቤቴ ያቀበለችኝን ነጭ ማጂክ ስፖንጅ አመስግኜ መለስኩላት፤ እሱ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ እድፉን ከነመከላከያው ሽፋን ይፍቀዋል። ወንበሩን ወንበር አድርጎ የሚያኖረው ደግሞ ያ ስስ ሽፋን ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን

ለበዓሉ ከመርካቶ የገዛነው እርድ ፌስታሉ ተቀደደና የኋላ ወንበሩን ቢጫ አደረገው። ላቫጆ ወስጄ ዱቄቱን በደረቁ በቫኪዩም አስነሳሁ። የላቫጆው ልጅ ከእኔ በላይ ተጨንቆ የልብስ ሳሙና ይዞ መጣ። የነካው ቦታ ሁሉ ከቢጫነት ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ኧረ አቃጠልኩት!»

አላቃጠለውም። የእርድ ቀለም ከሳሙናው አልካሊ ጋር ሲገናኝ ይቀላል። ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ ስንጠርገው ዓይናችን እያየ ወደ ቢጫው ተመለሰ፤ ልጁም ፊቱ ፈካ። በረኪና ላምጣ ሲል ግን አይሆንም አልኩት፤ በረኪና ሽፋኑን ይበላዋል። የቀረውን ቢጫ ፀሐይ ያነሳዋል፤ እርድ ብርሃን አይችልም።

መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴን ወደ አውቶቡስ ተራ ወሰድኳቸው። ለበዓሉ ለጋ ቅቤ ተቀብተዋል። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ራስ ማስደገፊያውን ሳይነኩ ተቀመጡ።

«ደገፍ ይበሉ እንጂ።»

«ቅቤው ይነካብሻል፣ ልጄ።»

«ማታ እጠርገዋለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይደገፉ።»

እየተጠራጠሩ ተደገፉ፣ ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወንበር የተገዛው ለዚህ ነው፤ ለእድፍ ተብሎ እንግዳ አይጨነቅም። ማታ በዚያው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃ ቅባቱን ደጋግሜ ጠረግሁት፤ ለቀቀ።

መስከረም 24 ቀን

ክረምቱ ወጥቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ አልትራቫዮሌት ይበዛባታል፤ ቆዳም ሆነ ቪኒል ያደርቃል፣ ያሰነጥቃል። እርዱ እስኪለቅ ብዬ የኋላውን መስኮት ለፀሐይ ሰጥቼ አቆም ነበር። አሁን በቃ፤ የፊት መስታወት መጋረጃ ገዛሁ፣ መሥሪያ ቤትም ጥላ ሥር ነው የማቆመው። ቢጫው ከስፌቱ ውስጥ በቀር ጠፍቷል። ስፌቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሞክረዋለሁ።