የጎሬ ባንክ

አንባቢዎች ሆይ! ዛሬ ወደ ኢሉባቦር እንወስዳችኋለን። የምንሄደው ወደ ጎሬ ከተማ ነው። ባንክ እንዴት ወደዚያ እንደገባ፣ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበርና ገበሬው ለምን ከደጁ ውጭ እንደቀረ እናያለን።

ከመቱ ተነስተን ዳገቱን ስንወጣ ጎሬን እናገኛታለን። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ዝናብ ይበዛባታል። ዙሪያዋ ደን ነው፤ በደኑ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል። አገሩ የኦሮሞ ገበሬ አገር ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸው ጎሬ ነበረች። ኋላም ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ እስኪዛወር ድረስ ጎሬ ለብዙ ዓመታት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች።

ዛሬ ጎሬ ትንሽ ከተማ ናት። ታዲያ በኢትዮጵያ ባንክ ገና ሲጀመር፣ ከጥቂቶቹ ቅርንጫፎች አንዱ እዚህ የተከፈተው ለምንድን ነው? ነገሩ የቡናና የወንዝ ነገር ነው።

ከጎሬ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ ጋምቤላ ይገኛል። ጋምቤላ ቆላ ነው። የባሮ ወንዝ በዚያ አልፎ ወደ ሱዳን ይሄዳል፤ ውሃውም በመጨረሻ ነጭ ዓባይ ይገባል። በ1894 ዓ.ም. በተደረገ ውል አፄ ምኒልክ፣ ያኔ ሱዳንን ይገዛ ለነበረው ለእንግሊዝ መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጣ ነበር። በበጋ ግን ወንዙ ስለሚጎድል መርከብ አልነበረም።

እስቲ አብረን እናስብ። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ነጋዴው ቡናውን በበጋ ይገዛል፤ በበቅሎ አስጭኖም ወደ ጋምቤላ ያወርዳል። መርከቡ የሚመጣው ግን ክረምት ሲገባ ነው። ቡናው ተሽጦ ገንዘቡ እስኪመለስ ብዙ ወር ያልፋል። እስከዚያ ነጋዴው ለገበሬው በምን ይከፍላል? ለበቅሎ ነጂውስ? ስለዚህ የሚያበድር ባንክ አስፈለገ።

ሌላም ችግር ነበር። የዚያ ዘመን ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። ይህ ማርያ ትሬዛ የምንለው ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይሆናል። ሦስት ሺህ ብር ደግሞ 84 ኪሎ ነው። ይህ ለአንዲት በቅሎ ከባድ ጭነት ነው። ያን ሁሉ ብር ከአዲስ አበባ እስከ ጎሬ ለማድረስ ዘበኛ ያስፈልጋል፤ መንገዱም ረጅም ነው፤ ሽፍታም አለ። ባንክ ሲኖር ግን ነጋዴው አንድ ቦታ አስገብቶ ሌላ ቦታ በወረቀት ይቀበላል። ይህ ሐዋላ ይባላል።

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ የአቢሲንያ ባንክ ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የሚመራው ግን በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። የበላይ ሹሞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ባንኩ ቀስ በቀስ በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደምቢዶሎ ቅርንጫፍ አቆመ፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው።

የባንክ ሥራ በሠራተኛ የቆመ ነው። ገንዘብ ያዡ ጠገራውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የንግሥቲቱን ዘውድና ጌጥ እያየ ያረጀውን ይለያል፤ ሕዝቡ ምልክቱ የጠፋ ብር አይቀበልምና። ጸሐፊው የገባውንና የወጣውን በመዝገብ ያሰፍራል። ሥራ አስኪያጁ ማን ብድር እንደሚገባው ይወስናል። ዘበኛው ሌሊት ካዝናውን ይጠብቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢያጎድል ባንኩ አይታመንም።

በ1907 ዓ.ም. ባንኩ የወረቀት ብር አወጣ። ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 100ና ባለ 500 ነበር። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን ቶሎ አላመነውም። ብሩን በእጁ መዝኖ፣ ድምፁን ሰምቶ ለለመደ ሰው ወረቀት ምኑ ነው?

ገበሬውስ? ባንኩን ወደ ጎሬ ያመጣው የገበሬው ቡና ነው። ባንኩ የሚያውቀው ግን ነጋዴውን ነበር። ገበሬው ቡናውን ለነጋዴው ሰጥቶ የተባለውን ዋጋ ይቀበላል። ማንበብ ለማይችል ሰው መዝገቡም ደረሰኙም ዝግ በር ነው።

በነሐሴ 1923 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ቀርቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። መንግሥት ውሉን ለማስቀረት 40000 ፓውንድ ከፈለ። ባንኩ የአገር ንብረት ሆነ፤ የጎሬም ቅርንጫፍ ቀጠለ። ይሁንና ዕድሜው አጭር ሆነ። ጣሊያን አገራችንን ወረረ፤ አዲስ አበባም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ገባች። ያን ጊዜ ጎሬ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ነበሩ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬም ተያዘች። የኢትዮጵያ ባንክ ተዘጋ፤ የጣሊያን ባንኮች በቦታው ገቡ።

ጠላት ከወጣ በኋላ ሥራው እንደገና ከትንሽ ተጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 2 ቅርንጫፍና 43 ሠራተኛ ብቻ ነበረው። በ1956 ዓ.ም. ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ ማውጣቱንና ባንኮችን መቆጣጠሩን ያዘ። ንግድ ባንክ ደግሞ ከሕዝብ ገንዘብ መቀበሉንና ማበደሩን ያዘ። የባሮ የመርከብ ንግድም እየቀረ ሄደ። የኢሉባቦር ቡና በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይጫን ጀመር።

አንባቢዎች ሆይ! ዛሬ የባንክ ደጅ ለነጋዴ ብቻ አይደለም። ገበሬም ይገባል፤ የቁጠባ ደብተርም ያወጣል። ቢሆንም ያን ደብተር የሚያነበው ማን ነው? ባለቤቱ ራሱ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ገንዘብ ስታስገቡ ደረሰኙን ሳታነቡ ከመስኮቱ አትራቁ። መጀመሪያ ስማችሁን እዩ። ቀጥሎ ቀኑን እዩ። ከዚያ በአሃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው ልክ መሆናቸውን አስተያዩ። 500 ተብሎ በፊደል «አምስት መቶ» ካልተባለ ወዲያው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ሠራተኛም አይቀየምም። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አውራ ጣታችሁንም አታሳርፉ።

የጎሬ ገበሬ ያን ጊዜ ቡናውን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ የተጻፈለትን ግን አያውቅም። እናንተ ሁለቱንም እወቁ።