የጥጋብ ዓመት ፎቶግራፍ

ዋግን በመስከረምና በጥቅምት ያላየ ሰው ዋግን አውቃለሁ ባይል ይሻላል። ግንቦት ላይ ሰቆጣ የሚገባ መንገደኛ የሚያየው ገደልና ጠጠር፣ ቅጠሉ የሳሳ ግራርና አቧራ የለበሰ ቁልቋል ነው። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴን ጥሎ መስከረም ሲጠባ ያባራል። ስለዚህ ሣሩም ቡቃያውም አበባውም በዚያች አጭር ጊዜ በቅሎ፣ አብቦና ፍሬ ይዞ ለመገኘት ይሽቀዳደማል። ክረምት ወጥቶ በጋ ሳይገባ፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ የዘመን ቆጠራችን መጸው ይለዋል። እኔ ካሜራ መጀመሪያ የጨበጥኩት በመጸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ወቅት በመጣ ቁጥር ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም።

ካሜራው የአጎቴ ነበር። ጋሼ የምንለው ይህ አጎቴ መምህር ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከደሴ ሲመለስ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ዜኒት ይዞ መጣ። የሶቪየት ኅብረት ሥራ ነው፤ ክብደቱ አንገት ይጎትታል፣ ግን ባትሪ አይጠይቅም። አንዱ ጥቅል ፊልም የሚያነሳው 36 ፎቶ ነው። ሲያልቅ ተጠቅልሎ ደሴ ለሚሄድ ሰው ይሰጥ ነበር፣ እዚያ ፎቶ ቤት ታጥቦ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፉ ነበር። ስለዚህ አዝራሩን ከመጫን በፊት ብዙ ማየት ግድ ነበር። ጋሼ ያስተማረኝ ትምህርት አጭር ነው፤ «ፊልሙ 100 ነው። ሰማዩ ከጠራ ቀዳዳውን 16 ላይ፣ ፍጥነቱን 125 ላይ አድርግ። ደመና ከጋረደ ቀዳዳውን ወደ 8 መልሰው። ከዚያ በኋላ ያለው የዓይን ሥራ ነው።»

የዓይኑን ሥራ ያስተማረኝ ራሱ አገሩ ነው። ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ልጃገረዶች ረጅሙን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ አረንጓዴው ገና ጥሬ ነው፤ ሰማዩም ደመና እንዳዘለ ነው። መስቀል ሲደርስ ግን ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ስለጨረሰ አየሩ እንደ መስተዋት ይጠራል። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ተራራ በተራራ ላይ ተደርቦ፣ የቅርቡ አረንጓዴ፣ የመካከሉ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ የሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ተከዜ ሲወርድ ያያል። ይህ ጥራት ብዙ አይቆይም። ኅዳር እየገፋ ሲሄድ አጨዳውና ውቂያው አቧራ ያስነሳል፣ ሩቁ ተራራ ይደበዝዛል።

አደይ አበባን ከፀሐይ ፊት ለፊት ሆኖ ማንሳትን የተማርኩትም ያኔ ነው። ብርሃኑን ከጀርባ አድርጎ ያነሱት አደይ ቢጫ ነጠብጣብ ከመሆን አያልፍም። ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች ከአበባው በታች ተንበርክኮ ወደ ብርሃኑ የተመለከተ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ከውስጡ ሲበራ ያገኘዋል። ሰዓቱን የነገሩኝ አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ናቸው። «ጤዛው ሳይነሳ ንቡ አይወጣም፤ አንተም ንቡን ቅደመው» አሉኝ። የዋግ ነጭ ማር የሚቆረጠው ይህ ሁሉ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። እሳቸው ቀፎው የሚሞላበትን ቀን የሚገምቱት በአበባው ነበር፤ እኔም ፊልሜን የማዘጋጅበትን ቀን ከእሳቸው እጠይቅ ጀመር።

የደጋው ዛፍ በመጸው ቅጠሉን አያራግፍም። በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ ከአለት በተፈለፈለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካህናቱን አስፈቅጄ ያነሳኋቸው ወይራዎች በነሐሴም በጥር ያው ናቸው። የቅጠል መርገፍን ያየሁት ወደ ቆላው፣ ወደ አበርገሌ በወረድኩ ጊዜ ነው። የዕጣን ዛፍ ዝናቡ ሲያቆም ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ቅርፊቱም እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ በፀሐይ ይነጣል። ቅጠሉ ሲራገፍ ዕጣን ለቃሚዎቹ ወደ ዱሩ ይገባሉ፤ ግንዱን በስለት ጫር ጫር አድርገው ነጩን ሙጫ ያፈሱታል። በቅዳሴ ሰዓት የምናሸተው ጢስ ከየት እንደሚነሳ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ በጥቅምት የቀላ የሜፕል ቅጠል ፎቶ ሲልኩልኝ፣ የእኔ መልስ ምንጊዜም የአበርገሌ የዕጣን ዛፍ ነው።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው አንድ የገብስ ማሳ ነው። ከመስቀል በኋላ እርከን ዳር ተንበርክኬ አደይ ሳነሳ የማሳው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ሳለ ሣር ታነሳለህ?»

«አበባው ደስ ብሎኝ ነው፣ እማማ።»

ገብሳቸውን ትንሽ አዩና፣ «እንግዲያው ነገ ልጆቹን ይዤ ልጠብቅህ። እዚሁ ገብሱ መሐል አንሳን። ጠግበን እንደነበር ይታወቅልን» አሉ።

በማግስቱ የልጅ ልጆቻቸውን አጥበው፣ እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁኝ። ልጆቹን ገብሱ ደረታቸው ድረስ ዋጣቸው። እማማ መሐል ቆመው አንድ እጃቸውን ዛላው ላይ አሳርፈው ነበር። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ከቅዱሳን ሥዕል ጎን ሰቀሉት።

ቃላቸው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እማማ የሰባ ሰባቱን ረሃብ ያለፉ ሰው ናቸው። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ኮረም ከዋግ ደጋ በስተምሥራቅ፣ ከዋግም ከላስታም የተሰደደው ሕዝብ የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ያ ፊልም የዓለምን እጅ አስዘርግቷል፣ ነፍስ አድኗል፤ ምስጋናው አይነፈገውም። ሆኖም ከዚያ በኋላ በውጭ ሰው ዓይን የዚህ አገር ጥቅምት ማለት ያ ብቻ ሆነ። ዋግ በተነሳ ቁጥር ድርቅ፣ በቅርቡ ደግሞ ጦርነትና መፈናቀል ብቻ ይታወሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም መመዝገብ አለባቸው። ነገር ግን ዝናብ የዘነበባቸው፣ ገብስ ያፈሩ፣ ቀፎ የሞላባቸው ዓመታትም እውነት ናቸው፤ እነሱን የመዘገበ ግን ጥቂት ነው።

ያ መዝገብ ለውበት ብቻ አይጠቅምም። ገበሬው በየበጋው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው እርከን፣ ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ ምን እንዳፈራ የሚለየው በመጸው ነው። በተከለለው ተራራ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ ከብት ስለማይሰማራበት ባለቤቶቹ በማጭድ እያጨዱ ወደ ቤት ይሸከሙታል። የተከለለውና ያልተከለለው ጎን በአንድ ፎቶ የገቡ እንደሆነ ልዩነቱ ያለ ንግግር ይታያል። መናፈሻ ፈልጎ ወደ ዋግ የሚመጣ ሰው ይህን ይጎብኝ፤ ሕዝቡ በገዛ ጉልበቱ መልሶ ያለበሰው ተራራ ከየትኛውም መናፈሻ ይበልጥብኛል።

ዛሬ ፊልም መቆጠብ ቀርቷል፤ ስልክ የያዘ እረኛ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው። ስለዚህ ለዋግ ልጆች፣ በሰቆጣም በአዲስ አበባም በውጭም ላላችሁ፣ የምለምነው ነገር አለ። ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል ባለው ጊዜ አገራችሁ ከገባችሁ በጠዋት ተነሱ። ተራራውን አንሱ፣ ማሳውን አንሱ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከነሰብሉ አንሱት። የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፤ ስም የሌለው ፎቶ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማንም ምስክር አይሆንም። በስልካችሁ ውስጥም አታስቀሩት። አሳትሙና ለባለማሳው ስጡት፤ የጠገበበት ዓመት ማስረጃ ከማንም በፊት የሚገባው ለእሱ ነው።