ደቅ ላይ የተማርሁት የአክሲዮን ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ደቅ ለመሄድ ካሰብህ ከባሕር ዳር በማለዳ ተነሣ። ከቀትር በኋላ ጣና ነፋስ ስለሚያነሣ ትንሿ ሞተር ጀልባ ትናወጣለች፤ ሆድህም አብሯት ይናወጣል። ዘጌን በግራ ትተህ ብዙ ከተጓዝህ በኋላ በደን የተሸፈነው የዳጋ ጉብታ ብቅ ይላል፤ አጠገቡም ደቅ ዝርግ ሆኖ ይታያል። በጣና ካሉት ደሴቶች ሰፊው እርሱ ነው፤ ሕዝቡም እያረሰና ዓሣ እያጠመደ ይኖርበታል። በምዕራቡ ጫፍ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። በመቅደሱ ሥዕል ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ስለዚህ ያሠራው ማን ነው ብለህ አትጠይቅም።

እኔ ግን የሄድሁት ለመሳለም ብቻ አልነበረም። አጎቴ በደቅ ይኖራሉ፤ ያጠራቀሙትንም ገንዘብ በሣጥን ቆልፈው አኑረውታል። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ እንዲገዙ ብመክራቸው እምቢ ብለውኝ ነበር። እምቢ ያሉትም እርሳቸው ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ 300 ብር የሆነ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ገዢዎቹም ከ47 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ እኔ የአጎቴን ለመስማት ሄድሁ።

«ልጄ፥» አሉኝ፤ «አባትህ የገዛው አክሲዮን የት ደረሰ?»

መልስ አጣሁ። አባቴ ከዓመታት በፊት «በምሥረታ ላይ ነው» ለተባለ አንድ ማኅበር ገንዘቡን ከፍሎ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ተቀብሎ ነበር። ማኅበሩ ሳይመሠረት ቀረ፤ የአደራጆቹም ስልክ ተዘጋ። ደረሰኙ እስከ ዛሬ በቤታችን አለ።

አጎቴም ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዱኝ። የደንገል ታንኳዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ይደርቁ ነበር።

«አንዱን አንሣው» አሉኝ። አነሣሁት፤ ቀላል ነበር። ሌላው ግን ከበደኝ።

«ያ ውኃ ጠጥቷል። ማንሣት ብትከለከል ስንት ትከፍል ነበር?»

«ግማሽ ዋጋ።»

«ለደረቁም ግማሽ ዋጋ ልትከፍል ነው። እንግዲህ ደረቅ ታንኳ የሚሠራው ሰው ለምን ይደክማል?»

አንባቢ ሆይ፤ የአክሲዮን ገበያ ሁሉ ምሥጢር በዚህ ውስጥ አለ። በአሜሪካ የኤንሮን ኩባንያ መሪዎች ዕዳን ደብቀው ትርፍን ሲያጋንኑ ቆይተው በ2001 እ.ኤ.አ. ተገለጠባቸው። በ2000 ከ90 ዶላር አልፎ የነበረው አክሲዮን ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። በ2002 የዎርልድኮም ሒሳብ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ሕዝቡ ንጹሑን ኩባንያ ሳይቀር ጠረጠረ፤ ገበያውም በጠቅላላው ወረደ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ኃላፊው ለሒሳቡ እውነተኛነት ራሳቸው ፈርመው እንዲጠየቁ የሚያዝ ሕግ ወጣ።

በእኛም አገር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎች ሲወረሱ ቆመ። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የሰነደ ሙዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም መጀመሪያ ተመዘገበ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያም ሒሳቡንና መሪዎቹን የሚያስታውቅ መግለጫ እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል። ይህ መግለጫ ታንኳውን ማንሻ እጅ ነው።

እንግዲህ ሕዝቡ አልገዛም ቢል «አልሠለጠነም» ብለህ አትፍረድበት፤ አንድ ጊዜ የሰጠመ ሰው ታንኳ ቢመረምር ብልህ ነው። ነገ ሒሳብ የምትመረምረውና መዝገብ የምትይዘው አንተ ነህና ከባዱን ቀላል ነው ብለህ አትፈርም።

የአጎቴ ሣጥን አልተከፈተም። ጀልባው ሲነሣ ግን «ያን መግለጫ አምጣና አንብብልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። በሚመጣው የትምህርት ዕረፍት ይዤላቸው እሄዳለሁ።