ቀንበርና መስታወት

አማርኛ ስለ ጠብና ስለ ኅብረት የሚናገርባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከበረትና ከጓሮ የተገኙ ናቸው። በሬ ከበሬ በቀንድ ሲገጣጠም «ተዋጋ» ይባላል፤ ጦር ከጦር ሲገጥምም ቃሉ ያው ነው። ዶሮዎች በመንቁር ሲጠቃቁ «ተናቆሩ» ይባላል፤ ነገር የሚፈላለጉ ጎረቤታሞችም ይናቆራሉ። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሥር ሲገቡ ይቀናጃሉ፤ የብዙ ሰዎች ሥራ አንድ ላይ ሲገጥምም «ተቀናጀ» ይባላል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው «ጠመደ» የሚለው ግሥ ነው። ገበሬው በሬዎቹን ጠመደ ሲባል ለሥራ አጣመራቸው ማለት ሲሆን፣ ሰው ሰውን ጠመደ ሲባል ግን ቂም ቋጥሮ ተከታተለው ማለት ነው። የሥራ አንድነትና ክፉ ቂም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው አድረዋል።

ቋንቋው ይህን ያደረገው ያለምክንያት አይመስልም። እንስሳት አብረው በሚያድሩበትና አብረው በሚሠሩበት አገር፣ ጠብም ሆነ ትብብር ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከመቀራረብ እንደሚፈልቅ በየዕለቱ ይታያል። እንግዲህ ጥያቄው የተቀራረቡትን እንዴት አድርጎ አብሮ ማኖር ይቻላል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በበረቱ ውስጥ ይጋፈጠዋል። በሌላ የዓለም ማዕዘን ደግሞ ጌጠኛ ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖር የከተማ ሰው በሳሎኑ ውስጥ ይጋፈጠዋል። ሁለቱ ተገናኝተው ባያውቁም መልሳቸው እጅግ ይቀራረባል።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ፣ የጮቄን ተራራ በስተግራ፣ የዓባይን ሸለቆ በስተቀኝ አድርጎ ይጓዛል። በእነማይ ወረዳ፣ በቢቸና ዙሪያ የተዘረጋው ሜዳ ጤፍ የሚስማማው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም። የጤፍ ዘር ደቃቅ በመሆኑ መሬቱ ልሞ እንዲጠብቀው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል። የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ በሆነችው በሞጣ አካባቢም ቢሆን፣ ደጋውም ሆነ ቆላው ያለ በሬ ጉልበት እህል አይሰጥም። የመሬት ስፋት ራሱ የሚለካው በ«ጥማድ» ነው፤ ይኸውም ሁለት በሬዎች ተጠምደው በአንድ ቀን የሚያርሱት ማሳ ማለት ነው። የሁለት እንስሳት ስምምነት የአገር መለኪያ ሆኗል።

ከዚህ የተነሣ በሬና በሬ ቢጣሉ ነገሩ የእንስሳት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሰኔ ጎኑን የተወጋ ወይም እግሩ የተሰበረ በሬ በሐምሌ ዘር ላይ አይቆምም። ጎረቤት ሁሉ በራሱ ማሳ ላይ በተጣደፈበት ሰሞን የሚዋስ በሬ አይገኝም። ዘሩ ከዘገየ ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ከቀነሰ ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጎተራው ይራቆታል። በአንዲት የቀንድ ውጊያ የአንድ ቤተሰብ ዓመት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ገበሬው በበረቱ ያለውን ሰላም ለዕድል አይተወውም።

አንድ ገበሬ ከሞጣ ገበያ በሬ ሲገዛ ሻኛውንና እግሩን ብቻ አይመለከትም፤ ይዋጋ እንደሆነ፣ ቀኝ ወይም ግራ ለምዶ እንደሆነም ይጠይቃል። ቤቱ ሲያደርሰው ከቤተኛው በሬ ጋር በአንድ ግርግም አያስረውም። መጀመሪያ እየተያዩና እየተሸታተቱ ቀንድ ለቀንድ በማይደራረሱበት ርቀት ያስራቸዋል። የሚለቃቸው በሰፊ መስክ ላይ ነው፤ እዚያ ተገጣጥመው ጉልበታቸውን ቢለካኩም የተሸነፈው የሚሸሽበት ቦታ አለውና ነገሩ ቶሎ ይበርዳል። በጠባብ በረት ግን የተሸነፈው መሄጃ ያጣል፤ አሸናፊውም ሽሽቱን ስላላየ ማሸነፉን አያምንም፤ ውጊያው እስከ ደም ይደርሳል። ጭዱ በአንድ ቦታ አይከመርም፤ ጨውም በአንድ ድንጋይ ላይ ብቻ አይቀርብም። ቀንደ ሹሉ ጫፉ ይቆረጣል፤ ኃይለኛው ይኮላሻል። ገና ያልተገራው ወይፈንም ሥራ ካወቀ፣ ከረጋ በሬ ጋር ተጠምዶ ይለማመዳል።

ቀንበሩም የራሱ ጥበብ አለው። ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ የሚያስር እንጨት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያራርቃቸውም እንጨት መሆኑን ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ሞፈሩ በመካከላቸው ያልፋል፤ ማነቆዎቹ እያንዳንዱን አንገት በየቦታው ይይዛሉ። ቀኙ ሁልጊዜ ቀኝ፣ ግራውም ሁልጊዜ ግራ ነው። ቦታው የታወቀለት እንስሳ ስለ ቦታው አይዋጋም።

አሁን ወደ መስታወቱ እንለፍ። ዲስከስ የሚባለው ዓሣ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ወንዝና የገባሮቹ ተወላጅ ነው። ስሙን ያገኘው እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ በመሆኑ ሲሆን፣ የቪየናው የዓሣ ሊቅ ዮሐን ያኮብ ሄከል እ.ኤ.አ. በ1840 ሲምፊሶዶን በሚል የሳይንስ ስም መዝግቦታል። ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። በርኅራኄው የታወቀ ወላጅ ነው፤ አባትም እናትም ከቆዳቸው በሚያመነጩት ልጋግ ጫጩቶቻቸውን ይመግባሉ። ይህንን ልዩ ጠባይ ሂልደማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ገልጦ ጽፎታል። ይሁን እንጂ ይኸው ርኅሩኅ ወላጅ በጠባብ ገንዳ ውስጥ የጓደኛው አሳዳጅ ይሆናል። ደካማውን በጎኑ እየገፋ ከመብል ያባርረዋል። የተባረረው ዓሣ ማዕዘን ይዞ ይሸሸጋል፤ መልኩ ይጠቁራል፤ መብላት ያቆማል፤ ይከሳል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከንክሻ ይልቅ በረኃብና ረኃቡ በሚጠራው በሽታ ነው።

ልምድ ያለው ዓሣ አኗሪ ምን ያደርጋል? አሳዳጁን አይቀጣም፤ ቅጣት ዓሣን አያስተምርምና። ገንዳውን ያስተካክላል እንጂ። ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ ብቻ ቢያኖር የአንዱ ግፍ በሙሉ በአንዱ ደካማ ላይ ስለሚወርድ፣ በቁመት የሚመጣጠኑ ስድስትና ከዚያ በላይ በአንድነት ያስገባል፤ ግፊያው ለብዙዎች ተከፋፍሎ ይቀላል። ቁጥራቸውን የሚችል ሰፊ ገንዳ ያዘጋጃል። በመካከል ሥራሥርና ተክል አቁሞ የተባረረው ካሳዳጁ ዓይን እንዲሰወር ያደርጋል። መኖውን በሁለት ወገን፣ በቀን ደጋግሞ ይሰጣል። እንግዳ ዓሣ ሲጨምር መብራቱን አጥፍቶ፣ ሥራሥሩን ከቦታው ያነሣሣል፤ ቤተኛውም እንደ እንግዳው ለስፍራው አዲስ ይሆናል። እንቁላል ለመጣል የተጣመሩትን ደግሞ ለብቻቸው ያኖራል። የቢቸና ገበሬ ይህን ዝርዝር ቢሰማ ከውሃው በቀር የሚያስደንቀው ነገር አያገኝም ነበር፦ መብል በሁለት ቦታ፣ መሸሻ ለተሸነፈ፣ እኩያ ከእኩያ፣ እንግዳ በዘዴ።

ዲስከስ ከጎጃም ፈጽሞ የራቀ ባዕድ አይደለም። በጣና የሚጠመደው ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ከዚሁ የዓሣ ወገን ነው። ወንዱ ቆሮሶ በጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ወደዚያ የሚጠጋውን ሌላ ወንድ ያባርራል፤ እንስቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትሄዳለች። በሐይቁ ውስጥ ይህ ጠብ ፍሬ አለው፤ የተባረረው ይርቃል፣ ሌላ ስፍራ ይፈልጋል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ያው ጠባይ ግፍ ይሆናል፤ ዓሣው አልተለወጠም፣ መሄጃው ተዘጋ እንጂ። ስለ አንድ ፍጡር ክፋት ከመፍረድ በፊት የቆመበትን ስፍራ መለካት የሚገባው ለዚህ ነው።

በጓሮም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሺልደሩፕ ኤቤ የተባለው ኖርዌያዊ ዶሮዎችን ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዳው፣ ዶሮዎች የመናቆር ተራ አላቸው፤ አንደኛዋ ሁሉን ትነቁራለች፣ የመጨረሻዋ በሁሉ ትነቆራለች። ተራው ከታወቀ ውጊያው ይቀንሳል። ሆኖም የመጨረሻዋ ዶሮ ከተራው የምታተርፈው ረኃብ ነው። ጥሬውን በአንድ ቦታ ሳትደፋ በግቢው ሙሉ የምትበትነው ባለቤት የኖርዌዩን ሊቅ ጽሑፍ አላነበበችም፤ ነገር ግን ፀጥታና ፍትሕ አንድ እንዳልሆኑ ታውቃለች።

ስለ ዓሣ ጠብ በሰፊው የተነበበውን መጽሐፍ የጻፈው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ስለ ጠበኝነት በሚናገር መጽሐፉ ውስጥ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያወሳል። ከዚሁ የሲክሊድ ወገን የሆኑ ባልና ሚስት ዓሦች ለብቻቸው በአንድ ገንዳ ቢቀመጡ፣ ወንዱ የሚያባርረው ባዕድ ሲያጣ በእንስቲቱ ላይ ይነሣባታል፤ ሊገድላትም ይችላል። ገንዳው በመስታወት ተከፍሎ ከወዲያ ማዶ ሌላ ጥንድ ቢኖር ግን ቁጣውን ወደ መስታወቱ ያዞራል፤ ቤቱም ሰላም ይሆናል። መስታወቱን አልጌ ሲያለብሰውና ጠላት አልታይ ሲል ጠቡ ወደ ቤት ይመለሳል። ሎሬንዝ ከዚህ ተነሥቶ ጠበኝነት በውስጥ እየተጠራቀመ መውጫ የሚፈልግ ተፈጥሯዊ ግፊት ነው አለ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ቢሆንም፣ ይህ አስተሳሰቡ በሌሎች ሊቃውንት ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1986 በስፔኗ ከተማ በሴቪያ የተሰበሰቡ 20 ሊቃውንት፣ ጦርነት ከአራዊት የተወረሰ የሰው ልጅ ዕጣ ነው ማለት በሳይንስ ያልተደገፈ መሆኑን አስታወቁ፤ ዩኔስኮም መግለጫውን በ1989 ተቀበለው።

የሎሬንዝ መስታወት ግን ሊቃውንቱ ባይከራከሩበትም ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ይዟል። በውጭ ጠላት አቁሞ የቤትን ሰላም መግዛት የቆየ መድኃኒት ነው፤ በቤተሰብም፣ በመንደርም፣ በመንግሥታትም ታሪክ ተሞክሯል። ጉድለቱም በዚያው ገንዳ ውስጥ ታይቷል። ሰላሙ የሚቆየው ጠላቱ እስከታየ ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስታወቱን ዘወትር የሚወለውል እጅ ያስፈልገዋል። የጎጃም ገበሬ ለበሬዎቹ የሰጠው ሌላ መንገድ ነው። ሦስተኛ በሬ ከአጥር ማዶ አቁሞ አላስቆጣቸውም፤ ትልም ሰጣቸው። አብረው የሳቡ በሬዎች ቀስ በቀስ ይለማመዳሉ፤ በአንድ መስክ ይግጣሉ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው በአጠገቡ ያመሰኳል። ያስማማቸው ጥላቻ ሳይሆን ድካምና ልማድ ነው።

አለመጣመርስ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የነበረውና በአጭሩ ኢልካ የሚባለው የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ በሬ ብቻ የሚስበው ማረሻ ሠርቶ በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ሞክሮ ነበር። አንድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ በጎ አሳብ ነበር፤ ሆኖም አልተስፋፋም። «አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ አይሆንም» የሚለው ብሂል ከመረሬ መሬት ጋር ያለ ክርክር ይስማማል። ብቻውን የተቀመጠ ዲስከስም የሚያሳድደው ባይኖርም ፈሪና ድንጉጥ ይሆናል፤ መብሉም ይቀንሳል። ጓደኛን ማስወገድ ጠብን ያስወግዳል፤ ሕይወትንም አብሮ ያጎድላል።

አንድ በሬ ያለው ገበሬ ስለዚህ መቀናጆን ይመርጣል። በሬውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሁለቱ ሰዎች በየተራ ያርሳሉ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥምረት ነው፤ ሁለት በሬ ብቻ ሳይሆን ሁለት አባወራ፣ ሁለት ግርግም፣ ሁለት ማሳ በአንድ ቀንበር ሥር ይገባሉና። ዝናብ አንድ ቀን ቢዘገይ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቀንድ ይልቅ ይወጋል። አንዱ በሬውን በደንብ መግቦ ሌላው ቢያስርብ፣ የጠገበው የደከመውን ይጎትታል፤ በባለቤቶቹም መካከል ቅሬታ ያድራል።

እዚህ ላይ የዓሣውና የሰው ምሳሌ ይለያያል። ዓሣ የሚኖርበትን መስታወት አያንቀሳቅስም፤ በሬም ቀንበሩን አይጠርብም። ሰው ግን ተጠማጅም ጠማጅም ነው፤ የሚኖርበትን ሥርዓት ራሱ መጥረብ ይችላል። መልካም መቀናጆ የሚሠራው በሬዎቹ ከመጠመዳቸው በፊት ነው። ተራው በቀን ይቆረጣል፤ ማን ስንት ቀን እንደሚመግብ ይወሰናል፤ አንዱ በሬ በሌላው ቢወጋ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም፣ ሁለቱም በሬዎች ገና ጤነኞች ሳሉ፣ ሁለቱም ሰዎች ገና ሳይቆጡ፣ በሽማግሌ ፊት ይነገራል። ከዚያ በኋላ ነው ቀንበሩ የሚነሣው።