የጦር ሆድ

ስለ ጦርነት ሲወራ ጨዋታው ሁልጊዜ ከመሣሪያው ይነሣል። ውጅግራ፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ቀጥሎ ክላሽ፣ አሁን ደግሞ ድሮን። ኢሉባቦር ውስጥ ዳሪሙ ተቀምጦ ነገሩን ለሚያሰላ ሰው ግን የጦር ነገር የሚጀምረው ከንብ ቀፎ ነው። ስለዚህ የኢሉባቦርን ጦር ታሪክ አፈሙዙን ትቼ ከሆዱ በኩል ልጀምረው።

ተሰማ ናደው ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን በሚገዙበት ዘመን ወታደር የወር ደመወዝ የለውም። ደመወዙ ሰው ነው። በማዕረጉ ልክ ገባር ይሰጠዋል፤ ገባሩም ያርስለታል፣ ያጥርለታል፣ እህሉን ያስፈጭለታል፣ ማሩን ይሰፍርለታል። ጠላት ባይኖርም ዘመቻው አይቋረጥም ነበር፤ ግንባሩ የገባሩ ጓሮ ነውና። በ1890 ዓ.ም ይኸው ጦር ከደጋ ተነሥቶ ቆላውን እያቋረጠ ነጭ ዓባይ ድረስ ወረደ። አብረው የሄዱት እንግዶች የሚያስቁ ስብስብ ነበሩ፦ ፈረንሳዩ ፌቭር፣ ስዊሱ ሠዓሊ ፖተር፣ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭ። ከምዕራብ ይመጣል የተባለውን የፈረንሳይ መኮንን ማርሻንን ሊያገኙ ነበር፤ በሰኔ ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደርሰው ባንዲራ ተከሉ፣ ሰውየውን ግን አላገኙትም። እሱ ነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ፋሾዳ የገባው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የተሰማን ሰው የፈጀው ጥይት ሳይሆን የቆላ ንዳድ ነበር።

መሣሪያው ግን እየተለወጠ ሄደ። አውሮፕላን በአገራችን ጦርነት ላይ መጀመሪያ የታየው በመጋቢት 1922 ዓ.ም አንቺም ላይ ነው፤ ያመፁት ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት ጦርነት። ከቦምቡ በፊት የወረደው ወረቀት ነበር፦ ያመፀ ይወገዛል የሚል። ውግዘት እንኳ በሰማይ መጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ የሰማዩ ዝናብ የመርዝ ጭስ ሆነ።

ስለ 1928ቱ ወረራ ስናወራ ጋዙንና ቦምቡን እንቆጥራለን፤ ልክም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ካሚዮኑ ነው። የጣሊያን ጦር ፓስታውን በመርከብ፣ ከመርከብ በካሚዮን እያስጫነ ገባ። የኛ ዘማች በሶና ዳቦ ቆሎውን በአህያና በሚስቱ ጀርባ አሸክሞ ነበር፤ ያ ሲያልቅ የደረሰበት መንደር ያብላው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ራስ እምሩ በምዕራብ ሊዋጉ ሲቀሩ የሆለታ ካዴቶች ያሉበት ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ቡድን ተቀላቀላቸው። እነዚህ ልጆች በሰኔ 1928 ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥለዋል፤ ከሞቱት ሹማምንት አንዱ ጄኔራል ማሊዮኮ ነው። ጀግንነቱ ሞልቶ ነበር። የጎደለው ጎተራ ነው። ለአርባ ዓመት ጦር ሲቀልብ የኖረ ገበሬ ሌላ የተራበ ጦር ሲመጣበት በብዙ ቦታ በሩን ዘጋ፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

በጣሊያን ላይ የመጣው ጦርም ሆዱን መርሳት አልቻለም። በ1933 ከቤልጂግ ኮንጎ የተነሡ ወታደሮች አፍሪካን አቋርጠው ጋምቤላን ያዙ፤ ባሮ መርከብ የሚያሳልፈው በክረምት ብቻ ስለሆነ ስንቃቸውም የዝናብ ጥገኛ ነበር። የቀድሞው የጣሊያን የጦር ሚኒስትር ጄኔራል ጋዜራ ሰኔ 26 ቀን ደምቢዶሎ ላይ ለነሱ እጁን ሰጠ።

ከነፃነት በኋላ ወታደሩ ደሞዝተኛ ሆነ፤ በ1937 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም የገበሬውን ዕዳ ወደ ጥሬ ብር ለወጠው። በ1969 ደግሞ ራሱ ገበሬው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ሚሊሺያ ሆነ፤ ቁጥሩ 300,000 ገደማ ተባለ። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፦ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሁሉ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ገበሬው መጀመሪያ ማሩን፣ ቀጥሎ ብሩን፣ በመጨረሻ ልጁን ሰጠ ማለት ነው።

ከታጠቅ የተመለሱ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። የሰሞኑን ጦርነት በሬዲዮ ሲሰሙ ጠየቁኝ፦

«ይሄ ድሮን የሚባለው ስንቁን ማን ይይዝለታል?»

«ድሮን ስንቅ አይበላም፣ ጋሼ። ሰውም አይጫንበትም።»

«የማይበላ ጦር!» አሉና በጣም ሳቁ።

ትንሽ አሳዘኑኝ፤ ምክንያቱም መልሴ ግማሽ እውነት ነው። ድሮን በሶ አይበላም፤ ዶላር ይበላል። አገራችን ዶላር ከምታገኝባቸው ግንባር ቀደም ምርቶች አንዱ ቡና ነው። የጋሼ ጓሮም ከዳር እስከ ዳር ቡና ነው።